ግመሉ የተሸከመው የማንን ጭነት ነው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አንዲት ተረት ሳይሰማ አልቀረም። አንድ ምእመን ይነሣና ስለ ሒሳብ ወይም ስለ አስተዳደር ይጠይቃል። ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይሄኔ ከመድረኩ ያለው ሰው ጉሮሮውን ይጠርግና «ውሾች ይጮኻሉ፤ ግመሉ ግን ጉዞውን ይቀጥላል» ይላል። ከፊሉ ያጨበጭባል፤ ከፊሉ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል፤ ጉባኤው በጸሎት ይዘጋል። ጥያቄው ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

እኔ በበኩሌ በዚህች ተረት ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ግመሉ የተሸከመው የማንን ጭነት ነው? የራሱን ከሆነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የእኛን ከሆነ ግን፣ ማለትም የልጆቻችንን ጥምቀት፣ የሙታኖቻችንን ፍትሐት፣ ከሌሊት ፈረቃ ተርፎ ሙዳየ ምጽዋት የገባውን ገንዘባችንን ከሆነ፣ «ወዴት እየወሰድኸው ነው?» ብሎ የጠየቀ ባለ ጭነት ውሻ ሊባል አይገባውም።

ይህን የምጽፈው የነገረ መለኮት ሊቅ ሆኜ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር፤ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው የገበያ አዳራሽ በ2017 ተዘግቶ፣ ኋላም ፈርሶ፣ እኛ ግን ሰፈሩን ዛሬም ላንድማርክ እያልን እንጠራዋለን። ታክሲ ነጂ ደግሞ የሁሉንም ወገን ወሬ ይሰማል። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ የጫንኩት ሰው የሚያወግዘውን አገልጋይ፣ ማታ ወደ ላንድማርክ የጫንኩት ሰው «የዘመናችን ሰማዕት» ይለዋል። ማስረጃህ ምንድን ነው ስለው የሚሰጠኝ መልስም «እንዴት እንደሚሰድቡት አላየህም?» የሚል ነው።

የዛሬው ክርክሬ ይህ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም የሚል ነው። ወቀሳ ብቻውን ማንንም ሰማዕት አያደርግም፤ ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም። አንድ ክርስቲያን በወቀሳ ፊት ለጥሪው ታምኖ መቆሙን፣ ወይስ እልኽ ይዞት መቅረቱን ለመለየት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ስለ አቋሙ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? እረኛው ነው ወይስ መንጋው?

የታሪክ መምህር ነበርኩና ከታሪክ ልጀምር። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ማዕረገ ጵጵስና ተቀበሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ይላክልን ስለነበር ነገሩ ለአገራችን ትልቅ ነበር። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ፣ ሌላው አቡነ አብርሃም ነበሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ፤ ይልቁንም ሕዝቡ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ደግሞ በ1930 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በተጨፈጨፉ በወራት ውስጥ፣ በጣሊያኖች ፈቃድ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ሆኑ፤ የግብፅዋ እስክንድርያም አወገዘቻቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ ይበሉ። ሁለቱም ተወቅሰዋል። አቡነ ጴጥሮስን ወራሪው አመፀኛ አላቸው፤ አቡነ አብርሃምን ወገናቸው ከዳተኛ አላቸው። ወቀሳ የእውነት ምስክር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ሰማዕታት በሆኑ ነበር። የአቡነ አብርሃምን ልብ መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ምናልባትም ከጥፋት የተረፈውን አድናለሁ ብለው ይሆናል። የሚታየው ግን ይታያል። የአንደኛው እምቢታ ዋጋ የተከፈለው በገዛ ደረታቸው ነው። የሌላኛውን እሺታ ዋጋ የከፈለው ምእመኑ ነው፤ ልጁ ጫካ ገብቶ የሞተበት ገበሬ፣ አባቴ የሚላቸው ጳጳስ ከገዳዩ ጎን መቆማቸውን ሰማ።

ከዚያ ወዲህ ያለውንም እንይ። የካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረዳቸው። ከክሶቹ አንዱ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳትን መሾማቸው ነበር። እርሳቸው እስር ቤት እያሉ በቦታቸው ሌላ ፓትርያርክ ተተካ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በምስጢር ተገደሉ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በተገደሉ በ43ኛው ዓመት ዋዜማ ማለት ነው፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፍነው ተወሰዱ፤ ቄሱ ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይም ኋላ እንደገና ተይዘው ወደ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የሁለቱም አባቶች አፅም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

«ኦርቶዶክስ ነኝ እያልህ የጴንጤ ቄስ ታነሣለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ አነሣለሁ። አንዱ የጎጃም ሰውና የተዋሕዶ ፓትርያርክ፣ ሌላው የወለጋ ሰውና የወንጌላውያን ቄስ ነበሩ። ገዳያቸው ይህን ልዩነት አልቆጠረውም። ሃይማኖቴን ሳልለውጥ፣ የእርሳቸውንም ሃይማኖት የእኔ ነው ሳልል፣ የሰውን ታማኝነት አይቼ ማክበር ካልቻልኩ ያስተማርኩት ታሪክ ከንቱ ነው።

ቄስ ጉዲና ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈትተው ነበር። ከአገር የሚወጡበት መንገድም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። አሜሪካንን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ሚኒሶታ ተምረው ተመልሰዋል። ነገር ግን ሌሎቹን አገልጋዮች ቆዩ፣ መንጋችሁን አትተዉ እያልኩ ኖሬ አሁን በመከራው ሰዓት እኔ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። ይህን የማነሣው እኛን የወጣነውን ለማሳፈር አይደለም። እኔም በአውሮፕላን የወጣሁ ነኝ፤ ለልጆቹ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው መንጋ ጥሎ ሸሸ አይባልም። የማነሣው መንጋ ተረክበናል ለሚሉት ነው። ተጠርቻለሁ የሚል ሰው ምን ያህል ሊያስከፍለው እንደሚችል እነዚህ ሰዎች አሳይተውናል። እንግዲህ በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሒሳብ የተጠየቀ የቦርድ ሊቀ መንበር ራሱን ከእነርሱ ጋር ሲሰልፍ ዝም ብዬ መስማት አልችልም። ከእርሱ የተጠየቀው ደረሰኝ ነው። ደረቱን የጠየቀው የለም።

«እሺ፤ ታዲያ የተጠራ ሰው ሲወቀስ ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን ከዚሁ ከምንኖርበት አገር ማግኘት ይቻላል። ተሳፋሪ ጭነን ዘወትር በሐውልታቸው አጠገብ የምናልፈው ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1963 በአላባማ፣ በርሚንግሃም ታስረው ነበር። ስምንት የከተማይቱና የክፍለ ግዛቱ የሃይማኖት መሪዎች በጋዜጣ ላይ ወቀሷቸው። ሰልፉ ጥበብ የጎደለው ነው፣ ጊዜው አይደለም፣ ነገሩ በፍርድ ቤትና በውይይት ይለቅ አሉ። ወቃሾቹ ጠላት አልነበሩም፤ እንደ እርሳቸው የእግዚአብሔርን ስም የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ኪንግ በተቀባ ሰው ላይ አፋችሁን ከፈታችሁ ብለው አላስፈራሯቸውም፤ ግመልና ውሻም አልጠሩም። እዚያው እስር ቤት በጋዜጣው ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀምረው ለእያንዳንዱ ወቀሳ ተራ በተራ መልስ ሰጡ። ለምን ከውጭ መጣህ ለሚለው መልስ አላቸው፤ ለምን አትታገሥም ለሚለው መልስ አላቸው። ከአቋማቸው አንዲት ጋት አልተነቃነቁም፤ ወቃሾቻቸውን ግን እንደ ሰው ቆጥረው አነጋገሩ። ጥሪውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት የሚያደርገው ይህን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ የሚያመውም ይኸኛው ነው። በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ መርቆሬዎስ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አንዱ ወገን አቡነ መርቆሬዎስ በፈቃዳቸው ለቀዋል አለ፤ ሌላው ተገፍተው ነው፣ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም አለ። አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ እዚህም የስደት ሲኖዶስ ቆመ። ሁለቱ ሲኖዶሶች ተወጋገዙ። በመካከል ደግሞ «ገለልተኛ» የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት በረከቱ።

ከሁለቱ ማን ልክ ነበር የሚለውን ዛሬ አልከራከርም፤ በሁለቱም በኩል ለሕሊናቸው የቆሙ አባቶች እንደነበሩ አምናለሁ። የምጠይቀው ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ዋጋውን ማን ከፈለ? በዶግማ አንድ፣ በቅዳሴ አንድ፣ በጾም አንድ የሆነ ሕዝብ ለሃያ ዓመታት ከዚያም በላይ በሬሳ ፊት «የየትኛው ሲኖዶስ ነበሩ?» እየተባባለ ኖረ። ለእኅቷ ልጅ ክርስትና መሄድ የፈለገች ሴት ቤተ ክርስቲያኑ «የእነዚያ ነው» ተባለች። በአንድ ሕንፃ ላይና ታች የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት የሚሰዱ ጎረቤታሞች እሑድ እሑድ ተኮራርፈው በተለያየ መንገድ ሄዱ። በአሜሪካ የተወለደው ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ከሁለቱም ቀረ። በየመድረኩ ግን ሁሉም ወገን «ስለ እውነት ተሰደብን» ይል ነበር።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ አባቶች ታረቁ። ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ከአቡነ ማትያስ ጋር ሁለቱም ፓትርያርክ ተብለው ኖሩ። እልል አልን፤ እልልታውም ይገባ ነበር። ነገር ግን የዕርቁ ዕለት አንድ ሰው እንኳ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አልተጠየቀም። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ሁሉ እውነት ጥሪ ነበር? ወይስ አብዛኛው እልኽ ነበር? ይህን መጠየቅ አባቶችን መድፈር አይደለም። ካልጠየቅን የሚቀጥለውን መለያየት ልጆቻችን ይከፍሉታል።

እስካሁን ከመድረክ ያሉትን ወቀስኩ። ከመድረክ በታች ላለነውም ድርሻችንን ልስጥ፤ እኛ ደግሞ መወቀስ የማይገባውን እንወቅሳለን።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር እንዴት እንደሆንን አይረሳም። ለዓመታት አብሮ ማኅበር የጠጣ ሰው ተዘጋጋ። ያን ጊዜ አንድ ቄስ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ በሥራ ቀን ፓርኪንግ እየሠሩ በእሑድ የሚቀድሱ ሰው ናቸው። በጸሎታቸው የትግራይንም፣ የአማራንም፣ የአፋርንም፣ የኦሮሞንም ሙታን አብረው ይጠሩ ነበር። አንዱ ስልክ ደውሎ «ለገዳዮቻችን ትጸልያለህ» አላቸው፤ ሌላው ደውሎ ስለ ሌላው ወገን ያንኑ ቃል ደገመው። «አገርህን አትወድም» ተባሉ፤ «ወገንህን ሸጥህ» ተባሉ። የቀረባቸው ምእመን ቀላል አልነበረም። እርሳቸው ግን የተደወለላቸውን ስልክ ሁሉ አነሡ፤ የተቆጣቸውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አነጋገሩ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ያንኑ ሙታን ሁሉ ጠሩ።

እንግዲህ መለኪያዬን በእርሳቸው ላይ አድርጌ ላሳይ። ዋጋውን ማን ከፈለ? እርሳቸው። ሲጠየቁ መለሱ ወይስ ተሸሸጉ? መለሱ። ከወቀሳው በኋላ ይዘው የቀሩት ምንድን ነው፣ ሥራውን ወይስ ወንበሩን? ሥራውን፤ ወንበር እንኳ አልነበራቸውም። ይኸ ሰው ለጥሪው የታመነ ነው። ውሻ እንዳንባል የምንቆጣ እኛው፣ በዚህ ሰው ላይ እንጮህ ነበር።

ጥሪ የካህን ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ልጆቻችንን የምታስተምረው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት አለች። ልጆቹ አማርኛው ሲከብዳቸው በእንግሊዝኛ ስታስረዳቸው «ቋንቋውን ገደልሽው፣ ሥርዓቱን አፈረስሽው» ትባላለች። ወቃሾቿ ለልጆቻቸው ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገሩ አልጠይቅም። የምላት ይህን ብቻ ነው፤ እህቴ፣ አማርኛውንም አትተዪ፣ ልጁንም አትተዪ፣ ለጠየቀሽ አስረጂ፣ ሥራሽን ቀጥዪ። ቤት ለሌላቸው አሜሪካውያን ምግብ ይዘው የሚሄዱ ወጣቶችም አሉ። እነርሱንም «የራሳችን ሰው እያለ» ብሎ የሚወቅስ አይጠፋም። ላንድማርክ የገበያ አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በባዶው የሜሲስ መደብር ውስጥ ካርፐንተርስ ሼልተር የተባለው መጠለያ ለጊዜው ገብቶ ቤት የሌላቸውን ያሳድር እንደነበር የሰፈራችን ሰው ያውቃል። ስሙ የአናጢው መጠለያ እንደ ማለት ነው። አናጢው ማን እንደሆነ ለክርስቲያን አይነገረውም። የራሳችን ሰው ማን እንደሆነም እርሱ አስቀድሞ አስተምሮናል።

አንድ ተቃውሞ ይቀርብብኛል፤ ከባድም ነው። «ይህን ሁሉ በመጽሔት ማውጣት ገበናን አደባባይ ማውጣት ነው፤ ጠላት ይደሰታል፤ ደካማው ምእመን ይሰናከላል» ይባላል። ገበናን መሸፈን መልካም ባህላችን ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ገበና የሚሸፈነው የወደቀን ሰው ለማንሣት ነው፤ ዝም በማለት የሚያድግ ነገር ግን ቁስል ነው። በአካባቢያችን ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር ተካስሶ በጠበቃ ገንዘብ ሲጨራረስ ያየን ሰዎች ነን። ያ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሰው በጊዜው ጠይቆ በጊዜው መልስ ባለማግኘቱ ነው። ደካማውን ምእመን ያሰናከለውም ያልተመለሰው ጥያቄ ነው።

ወቃሹም ቢሆን ዋጋ ይክፈል። ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው መዝገቡን አብሮ ለመመርመር አንድ ቅዳሜውን ይስጥ። ቄሱ ሕሙም አልጠየቁም የሚል ሰው እርሱ ራሱ ሆስፒታል ይሂድ። ከቡና ቤት ወንበር ሳይነሡ የሰውን ጥሪ መበለት ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው ወቀሳ የማንንም ጭነት አላቀለለም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በልክ ሥራው እየተወቀሰ ያለ አንድ አገልጋይ ያውቁ እንደሆነ ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ነገሩን ሁሉ ባይስማሙበት እንኳ «አይዞህ፣ አለሁ» ይበሉት። አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና በተወሰዱ ጊዜ የብዙው ሰው አፍ በፍርሃት ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ መናገር ሕይወት ያስከፍል ነበርና አንፈርድም። እዚህ አገር ግን መናገር የሚያስከፍለን ቢበዛ የአንድ ሰው ኩርፊያ ነው።

ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሥቶ፣ ሰውየው ተንተባትቦ፣ ምናልባትም ትንሽ ተቆጥቶ መናገር ሲጀምር፣ እባክዎ አያጉረምርሙበት። ያስጨርሱት።